በግራዋ ያጠብኋት ዲስክ

ነገሩ የጀመረው ረቡዕ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከሥራ ወጥቼ፣ ታክሲ ተራው በሰው ስለተጨናነቀ ወደ ቀሐ ወንዝ የሚወስደውን ቁልቁለት በእግሬ ስወርድ፣ ከኋላዬ አንዲት ሴት «የሲስተር ልጅ!» ብላ ጠራችኝ። በዚህ ስም የሚጠራኝ ሰው ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። እናቴ ከሆስፒታሉ ጡረታ ወጥታለች፤ እኔም ዩኒቨርሲቲ ተቀጥሬ በራሴ ስም መጠራት ለምጃለሁ። ዞር ስል ቀጠን ያለች፣ የልብስ ሰፊ ሜትር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ቆማለች። ከፊቷ ይልቅ አቋቋሟን ነው ያወቅሁት። ክብደቷን ሁሉ በአንድ እግሯ ላይ ጥላ፣ ሌላው እግሯ አሁኑኑ ሊሮጥ የተዘጋጀ ይመስላል። ስንዱ ናት።

«ረሳሽኝ እንዴ?» አለች።

«ስንዱ» አልሁ። ድምፄ ለእኔም በደንብ አልተሰማኝም።

«እሰይ! ዛሬም በሹክሹክታ ነው የምታወሪው? ተምረሽ፣ ሥራ ይዘሽ፣ ድምፅ ግን አልጨመሩልሽም!» ብላ ሳቀችና አቀፈችኝ። ልብሷ የአዲስ ጨርቅና የማሽን ዘይት ይሸታል።

መንገዱ ዳር ቆመን አወጋችኝ። ያ ሁሉ የጦርነት መዓት በአገሩ ካለፈ በኋላ፣ ልጇንና የስፌት ማሽኗን ይዛ ከአዲ አርቃይ ከመጣች አራት ወር ሆኗታል። ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለሆነ የደንብ ልብስ የሚያሰፋ ሞልቷል፤ እሷ ግን የምትሰፋው በሰው በረንዳ ላይ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ጨርቁን አቅፋ ትቆማለች። አንድ ክፍል ስትፈልግ ስትፈልግ የአያ ደምለው ክፍል ባዶ መሆኑን ሰማች። የዱሮው ጌም ቤት።

«ሄጄ ጠየቅሁት። መጀመሪያ ሸጋ አድርጎ ተቀበለኝ። ስሜን ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። ‹ያች የዲስኳ ልጅ ነሽ?› አለኝ። ይታይሽ፣ ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ! ‹እስከ ነገ ጠዋት እጠብቅሻለሁ፤ እኔ የማምነው ሰው መጥቶ ካልመሰከረልሽ ለጠየቀኝ ሲሚንቶ ነጋዴ እሰጠዋለሁ› አለኝ። እዚህ ከተማ ማንን አውቃለሁ? እንዲህ እያሰብሁ ስወጣ አንቺን አየሁሽ። አንቺን ያምንሻል። ድሮም የሚያምነው አንቺን ብቻ ነበር።»

«እትየ ዘነቡስ?» አልሁ፣ መልስ ላለመስጠት። እትየ ዘነቡ አክስቷ ናት፤ ስንዱ ጎንደር ስትማር ያስቀመጠቻት እሷ ናት።

ሳቋ ጠፋ። «ማክሰኝት ነው ያለችው አሉ። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። አንድ ቀን እንኳ። ልጅ ስወልድ ላክሁባት፤ ዝም አለች።» ከዚያ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። «ነገ አንድ ሰዓት ላይ በሩ ላይ ልጠብቅሽ? አንድ ቃል ብቻ ነው የምትናገሪው። ሌባ አይደለችም በይልኝ።»

«እሺ» አልኋት። ስንዱ ሌባ እንዳልነበረች ከእግዜር ቀጥሎ የማውቀው እኔ ነኝ። ያችን ዲስክ ያጠፋኋት እኔ ነኝና።

ዕድሜዬ ለትዝታ ገና ነው የሚሉኝ አሉ። የእኛ ዘመን ዕቃ ግን ቶሎ ያረጃል። አሁን የቢሮዬ ወጣቶች ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ስልካቸው ላይ ከሚጫወቱት ጨዋታ ተነጥለው ግራ ሲገባቸው ሳይ፣ ኔትወርክ የሚባል ነገር ሳናውቅ አራት ሆነን በአንድ ቴሌቪዥን ፊት የተጋፋንበት ያ ክፍል ትዝ ይለኛል። ሰባተኛ ክፍል ነበርሁ። አንድ ዙር በሃምሳ ሳንቲም ነው፤ በአንድ ብር ሁለት ዙር ተጫውቶ የሚተርፍ ነገር ባይኖርም፣ ከፊት ለፊት ካለው ካሴት ቤት ዘፈን በነጻ ይሰማል። ካሴት ቤቱ አንድ ካሴት ከወደደ ሳምንቱን ሙሉ እሱኑ ነው የሚያዞረው፤ ስለዚህ ዛሬም አንዳንድ ዘፈን ስሰማ አውራ ጣቴ በራሱ ይንቀሳቀሳል። ልጆቹ በደንብ ልብሳቸው ሹራብ ክርን ላይ የተቀደደውን በሌላ ቀለም ክር ያስጠቅማሉ፤ እግራቸው ላይ የፕላስቲክ ጫማ ነው፤ ክረምት ሲሆን ጭቃው እስከ ወለሉ ይገባና አያ ደምለው በመጥረጊያ እግራችንን እየመታ «ማሳ አደረጋችሁት እኮ ቤቱን! ምነው፣ እርሻ ነው የመጣችሁ?» ይላል።

አያ ደምለው የደባርቅ ሰው ነው። በመተማ መንገድ ማኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ወገቡን ሲያመው ማኪናውን ትቶ ጌም ቤት ከፈተ። ከሱዳን በኩል ካመጣቸው ዕቃዎች መካከል አንድ ዲሽ፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት የጌም ማጫወቻ ነበሩ። በትልቁ ቴሌቪዥን ትልልቆቹ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ጥግ ላይ ባለው በትንሹ ግን ጎንደር ውስጥ ሌላ ቦታ አለ ሲባል ያልሰማነው ነገር ነበር፤ አራት ጆይስቲክ የሚሰካበት ሣጥንና በዚያ የሚጫወቱባት አንዲት ዲስክ። ዲስኳ ውስጥ ከሠላሳ የሚበልጡ ትንንሽ ጨዋታዎች አሉ። ከአንድ የጃፓን ካርቱን የተሠሩ ናቸው፤ ካርቱኑን ደግሞ ከሰዓት በኋላ በዲሹ በዐረብኛ እናየዋለን። ዐረብኛም ጃፓንኛም የሚያውቅ አንድ ሰው በመካከላችን አልነበረም። ስለዚህ ሁሉንም በራሳችን ሰየምነው። ፋኖስ የምትይዘውን «ቀበሮዋ»፣ ወፍራሙን «ዱባው»፣ እግረ ረጅሙን ነጭ ወፍ፣ ዘንጉን ተደግፎ ሲቆም ማሕሌት ላይ ያለ ስለሚመስል «መሪጌታ»፣ ቅጠል እንደ ጃንጥላ የምትይዘውን ደግሞ «ጓጉንቸሯ» አልናት። የገመድ ጉተታ አለ፤ ከተራራ የሚወርድ ፍሬ በቅርጫት መያዝ አለ፤ ከበሮ አለ። ሕጉ የታወቀ ነው፦ የተሸነፈ ይነሳል፣ የቆመ ይቀመጣል።

ወደ ጌም ቤት የምንገባ ሴቶች ሁለት ብቻ ነበርን። ስንዱ የምትገባው ማንም አትግቢ ስላላላት ነው። እኔ የምገባው ስንዱ ስለምትገባ። እሷ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ከአዲ አርቃይ ለትምህርት መጥታ ከእትየ ዘነቡ ጋር ከእኛ ቤት አጠገብ ትኖራለች። ቀበሮዋን ይዛ ስትቀመጥ የሚያስነሳት የለም። ማሙሽ የሚባል ምላሰኛ ልጅ ነበር፤ ዱባውን ይይዝና በተሸነፈ ቁጥር «ይቺ ልጅ እጇ ላይ ዝንጀሮ አስራለች! የሰሜን ተራራ ዝንጀሮ!» ይላል። እሷም ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳታነሳ፣ «አንተም ዱባህን ይዘህ ሂድ፤ እናትህ ወጥ ትሥራበት» ትለዋለች። እኔ ሁልጊዜ የምይዘው ጓጉንቸሯን ነበር። ማንም አይፈልጋትም፤ ስለዚህ ማንም ከእጄ አይነጥቀኝም። የምችለው ጨዋታም አንድ ብቻ ነው፦ ጉጉቱ። ጉጉቱ ጀርባውን ሲሰጥ ትሄዳላችሁ፤ ፊቱን ሲያዞር ትቆማላችሁ፤ የተንቀሳቀሰ ይወድቃል። በዚያ ጨዋታ ስንዱ እንኳ አትችለኝም። «አንቺ እኮ ሳትጫወቺም እንዲሁ ነሽ» ትለኝ ነበር።

አያ ደምለው ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዲስኮቹን የማጽዳት ሥራ ለእኔ ሰጥቶኝ ነበር። «የሲስተር ልጅ እጇ ንጹሕ ነው» ይላል። በለስላሳ ጨርቅ እጠርጋቸዋለሁ፤ በምትኩ አንድ ዙር በነጻ እጫወታለሁ። ክረምት ሊወጣ ሲል ያች ባለ አራት ሰው ዲስክ መንተባተብ ጀመረች። ጉጉቱ ዘንድ ሲደርስ ሥዕሉ ቀጥ ይላል። አንድ ቅዳሜ ስንዱ ማንም ደርሶበት የማያውቀውን የመጨረሻውን ተራራ ልትወጣ ሁለት ጨዋታ ሲቀራት ዲስኳ ቆመች። ስንዱ ጆይስቲኩን አስቀመጠች፤ አልተናደደችም፤ አለቀሰች። ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ነው። «ሞተች በቃ» ብላ ወጥታ ሄደች።

ላስደስታት ፈለግሁ። ልጅ ስለነበርሁ ብቻ አይደለም፤ ዛሬም ቢሆን ለምወደው ሰው ከመናገር ይልቅ በእጄ አንድ ነገር መሥራት ይቀለኛል። ዲስኳን ደብተሬ ውስጥ ከትቼ ወደ ቤት ወሰድኋት። ጎረቤታችን ለበዓል ጠላ ልትጠነስስ ጋኗን በግራዋ ቅጠል ስትፈትግ አየሁ። ጥቁር የነበረው ጋን እያበራ ወጣ። በእኛ ሰፈር ከግራዋ የሚጸና ቆሻሻ የለም፤ ከጋን እስከ ቅል የሚታጠበው በእሱ ነው። ከአጥሩ አንድ እፍኝ ቀነጠስሁ፤ በውኃ አሸሁት፤ አረንጓዴ አረፋው እስኪወጣ ድረስ ያችን ዲስክ ፈተግኋት። በጥንቃቄ፣ ዙሪያዋን፣ አንድ ቦታ ሳይቀር። አጥቤ ወደ ፀሐይ ሳነሣት እንደ ድሮ ቀስተ ደመና አልታየባትም። የድመት ጥፍር የተጫወተባት ይመስል ዙሪያዋን ነጭ ጭረት ሆናለች። እጄ ላይ የግራዋ ምሬት ነበር፤ ሳላስበው አፌን ነካሁ፤ እስከ ማታ አልለቀቀኝም። ሽንት ቤት ጨመርኋት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አያ ደምለው ዲስኳን አጣት። ደግሞ አይገዛም፤ ከየት ይገዛል? ያችን ዲስክ ብለው ከአዘዞ ድረስ የሚመጡ ልጆች ነበሩ። ሁለቱንም ቴሌቪዥን አጠፋና በሩን ከውስጥ ቆለፈ። አሥራ አንድ ልጆች ነበርን።

«በእኛ አገር ዕቃ ሲጠፋ አውጫጭኝ ይቀመጣል» አለ። «ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይውላል፤ ሌባው ሳይወጣ እህል የሚቀምስ የለም፤ ቤቱ የሚገባ የለም። እናንተም እንደዚያው ናችሁ። አንድ አንድ እያላችሁ ጓዳ ግቡና ለእኔ ብቻ ንገሩኝ። የነገረኝን ሰው ‹ወፍ ነገረችኝ› እላለሁ እንጂ ስሙን አልጠራም። ወፍን ማንም አይጠይቃትም።»

«ለወፏ ጥሬ በትኑላት!» አለ ማሙሽ፤ ልጆቹ ሳቁ። አያ ደምለው ግን አልሳቀም። ይህን የሚያደርገው በክፋት አልነበረም። አባቱ፣ የአባቱ አባት እውነት ሲያወጡ ያየው በዚህ መንገድ ነው።

ተራዬ ደርሶ ጓዳ ስገባ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ልናገር ነበር የገባሁት። በእውነት። «አንቺ ጠርገሽ ወደ ቦታዋ እንደመለስሻት አውቃለሁ» አለኝ፤ እኔ ሳልናገር ራሱ መለሰልኝ። ዝም አልሁ። «አንቺ አትዋሽም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ሰው የሚሰርቀው የሚወደውን ነው። ከእነዚህ መካከል ያችን ዲስክ አብልጦ የሚወዳት ማነው?»

«ስንዱ» አልሁ።

እውነት ነበር። በሕይወቴ የተናገርሁት ከዚያ የከፋ ውሸት የለም።

አያ ደምለው ከጓዳ ሲወጣ «ወፍ ነግራኛለች» ብሎ ስንዱ ፊት ቆመ። ስንዱ «ማርያምን አልወሰድሁም!» አለች፤ ቀጥላ በየተራ ፊታችንን አየችን፤ ከእኛ የሚመሰክርላት ፈለገች። እኔ እንደ ጉጉቱ ጨዋታ ቀጥ ብዬ ቆምሁ። እትየ ዘነቡ ተጠራች። እሷ የመንግሥት ቢሮ ጽዳት ሠራተኛ ነበረች። «የአሥራ ሁለት ክፍሎች ቁልፍ እኔ እጅ ነው ያለው። ሌባ ታሳድራለች ቢሉኝ ማን ያምነኛል?» ብላ በሕዝብ ፊት ነጠላዋን በአፏ ላይ ያዘች። በሳምንቱ ስንዱ በጭነት ማኪና ወደ አዲ አርቃይ ተመለሰች። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሳትፈተን ቀረች። እኔ ተፈተንሁ፤ አለፍሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ተመረቅሁ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ጥንቁቅ ሰው እባላለሁ።

ረቡዕ ማታ እራት ላይ ስንዱን እንዳገኘኋት ለእናቴ ነገርኋት። እጇን ከእንጀራው ላይ አነሣች። «ያች ሌባዋ?» አለች። እናቴ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ሆስፒታል ውስጥ የስንቱን ቁስል ያጠበች ናት። ቃሉ ስሟ የሆነ ያህል ነው ከአፏ የወጣው። ምስክር ብቻ ሆኜ መቅረት እችል ነበር። «አውቃታለሁ፣ ታማኝ ናት» ብል አያ ደምለው ቁልፉን ይሰጣታል፤ እሷም ታመሰግነኛለች፤ ልጇን ይዛ በዓል በመጣ ቁጥር ቤቴ ትመጣለች። ያ ምስጋና ነው ያስፈራኝ።

«ሌባ አልነበረችም እማዬ» አልሁ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ፤ የሚቀጥለውን ጠበቀች። «ነገ እነግርሻለሁ። መጀመሪያ የሚሰማው ሌላ ሰው አለ» አልኋት።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ስንዱ በሩ ላይ ቆማለች፤ ነጠላዋን አሳምራ አጣፍታለች። አያ ደምለው ጋቢውን ደርቦ ደጁ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ ደክሟል፤ ፊቴን ለማየት ጠጋ እንድል አደረገኝ።

«የሲስተር ልጅ! ሸጋ ሰው ሆነሽ የለ! እናትሽስ? ስለዚች ልጅ ልትመሰክሪ ነው የመጣሽ?»

«አዎ፣ አያ» አልሁ። «ዲስኳን የወሰድኋት እኔ ነኝ። አልሰረቅኋትም፤ ላድናት ብዬ በግራዋ አጠብኋት፤ ተበላሸች፤ ሽንት ቤት ጨመርኋት። ወፏም እኔ ነበርሁ። የስንዱን ስም የጠራሁት እኔ ነኝ።»

ከላይ ከመንገዱ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል። ስንዱን አላየኋትም፤ ለማየት አልደፈርሁም። አያ ደምለው መቁጠሪያውን በጣቱ አሻሸ።

«በግራዋ?» አለ። «ምነው ልጄ… ያን ጊዜ ብትነግሪኝ ምን አደርግሽ ነበር? ጆሮሽን ቆንጥጬ እለቅሽ ነበር እኮ። ይኸው ነው። ጆሮ ነበር።»

ያን ሁሉ ዓመት የፈራሁት ቅጣት ይህ ነበር።

ከዚያ ድንጋዩን ተደግፎ ተነሣ። ኪሱን ፈትሾ ቁልፉን አወጣ፤ በሁለት እጁ ይዞ ስንዱ ፊት ዝቅ አለ። «ልጄ፣ እኔም አጥፍቻለሁ። ወፍን ሰምቼ አንቺን አልሰማሁም። ይቅር በይኝ።»

ስንዱ ቁልፉን ተቀበለች። «አያ ይነሡ፣ ይነሡ» ብላ ክንዱን ደግፋ አስቀመጠችው። ይቅር ብያለሁ አላለችም። ወደ እኔ ስትዞር ፊቷ ላይ ቁጣ ፈለግሁ፤ ቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ፊቷ ላይ የነበረው ሒሳብ የሚያሰላ ሰው ዝምታ ነው፤ ያን ሁሉ ዓመት እንደገና ከመጀመሪያው የምታየው ይመስል።

«ማሙሽ ነው እል ነበር» አለች። «ይህን ሁሉ ዓመት ማሙሽን ስረግመው ኖርሁ።»

«ስንዱ…»

«አሁን አታውሪ። ለእኔ መንገርሽ ለእኔ ምን ይረባኛል? አለመስረቄን እኔ አውቃለሁ። የማታውቀው አክስቴ ናት፤ ማክሰኝት ያለችው። እኔ ብነግራት ከጥፋትሽ ለማምለጥ ነው ትለኛለች። አንቺ ሂጂ። ቃሉን ያወጣው አፍሽ ነው፤ አፍሽ ይመልሰው።»

«እሄዳለሁ» አልሁ።

«መቼ?»

«አሁን።»

ቁልፉን በሩ ላይ ስታዞር ሰማሁ፤ ግቢ አላለችኝም። ለአለቃዬ ደውዬ ዛሬ አልገባም አልሁት፤ ታመሽ ነው ሲለኝ አይደለም አልሁ። መናኸሪያ ወርጄ ረዳቱ «ማክሰኝት! አንድ ሰው!» እያለ ሲጣራ ያ አንድ ሰው ሆኜ ገባሁ። የገበያ ቀን ስለነበር ከማክሰኝት መግቢያ አንሥቶ መንገዱ በጤፍ ጆንያና በበግ ተዘግቷል። የእትየ ዘነቡን ቤት አላውቀውም። እህል ከሚሰፍሩት ሴቶች መካከል ቆሜ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ ድምፄን ከፍ አድርጌ ጠየቅሁ። አንዲት ሴት እህል የሚሰፈርበትን ጣሳዋን ይዛ በእጇ አመለከተችኝ፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊው በር።

አንኳኳሁ። እትየ ዘነቡ ራሷ ከፈተች። አርጅታለች፤ መነጽር አድርጋለች።

«ማን ልበል?»

«የሲስተር ልጅ ነኝ፣ እትየ። ስለ ስንዱ የምነግርዎ አለኝ።»

ፊቷ ተዘጋ፤ በሩንም ልትዘጋው ገፋችው። እጄን በሩ መሐል አገባሁ፤ ጣቶቼን ያዛቸው፤ አላወጣኋቸውም።

«ሌባዋ እኔ ነኝ» አልኋት።